የወንድይፍራው ወፍጮ ቤትና ምህዳሩ

እኔ በታክሲ ብዙ ነገር ሲሳፈር አይቻለሁ። ዶሮ አይቻለሁ፤ የተጠቀለለ ፍራሽ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ የመስኮት ክፈፍ አንገቱ ላይ አጥልቆ የገባ አናጢም አይቻለሁ። የሚያለቅስ ጆንያ ግን ከተወለድኩ አላጋጠመኝም ነበር። ያን ቀን የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ ዘነበወርቅ ስሳፈር፣ ባዶ ወንበር ያገኘሁት እንዲህ ያለውን ጆንያ ጉልበቱ ላይ ታቅፎ ከተቀመጠ ሰው አጠገብ ነው። ሰውየው ደግሞ የሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ወንድይፍራው ሆኖ ተገኘ።

«ምንድን ነው የያዝከው?» አልኩት።

«ምንም።»

«ሚያው» አለ ጆንያው።

«ምንም ሚያው አይልም፣ ወንድይፍራው።»

«ድመቷ ናት! ምን አገባህ? ዘነበወርቅ ወስጄ ልጥላት ነው።»

ረዳቱ አብርሽ ሒሳብ ሲሰበስብ ጆንያውን አየና፣ «ፋዘር፣ ድመቷ ትከፍላለች ወይስ እቅፍ ናት?» ብሎ ታክሲውን በሙሉ አሳቀብን።

ራሴን ላስተዋውቅ። መምህር ጉልላት እባላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ዛሬም የተበላሸ ቃል ስሰማ ጥርሴን ያመኛል። ወንድይፍራው ደግ ሰው ነው። ግን አንድ ነገር ከያዘ በጥንድ በሬ ቢጎትቱት አይለቅም። ባለቤቱ ማርታ ካረፈች ወዲህ ያ ወፍጮ ቤት ሚስቱም ልጁም ሆኗል፤ ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሳ «እንዴት አደርክ» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ድመት ምን አደረገችህ?» አልኩት።

«ምን ያላደረገችኝ አለ? ቀኑን ሙሉ የሰው እህል ላይ ተጋድማ ታንኮራፋለች። ሥራ የላት፣ ኪራይ የላት። መምህር፣ እኔ ዘንድሮ ቆርጫለሁ። በኔ ላይ የተንጠላጠለውን ሁሉ አራግፋለሁ። ዛሬ ድመቷ፣ ነገ ደጄ ላይ የሚቀመጡት ሴቶች፣ ቀጥሎ ዋንዛው።»

ሴቶቹን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃቸዋል። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ካለው ትልቅ ዋንዛ ሥር አሥራ ሰባት ዓመት ተቀምጠዋል። ብርሃኔ ሰፌዷን ይዛ የሰው እህል ታበጥራለች፣ ትለቅማለች። ዓለም በሶብላና ኮረሪማ፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙድ ትሸጣለች። ዮርዲ ደግሞ ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ሻይና ፓስቲ ታቀርባለች።

«እነሱስ ምን በደሉህ?»

«ይበላሉ!»

«ምን?»

«እኔን ነዋ! ወፍጮው የኔ፣ መብራቱ የኔ፣ ደጁ የኔ፣ ጥላው የኔ። ሰው ወደ እኔ ሲመጣ እነሱ መሀል ላይ ይቀልቡታል፤ ከነሱ የተረፈው ነው እኔ ጋ የሚገባው። ደግሞ ሳቃቸው! ብርሃኔ ስትስቅ እኮ ወፍጮው አይሰማም።»

«ጋሼ ወንድይፍራው፣ ጤና ይስጥልኝ» የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር መጣ። ዘወር ስንል ምሥራቅ ናት፤ ፊት ለፊታችን የሚኖረው የሸማ ነጋዴው የማኑሄ ልጅ። ምሥራቅ ቀን ቀን ተማሪ ቤት ሥነ ሕይወት ታስተምራለች፤ ማታ ማታ ንግድ ትማራለች። በጣም ጎበዝ ናት፤ ጉድለቷ አንድ ነው፤ ስታስረዳ በእንግሊዝኛ ትጀምርና አማርኛው መንገድ ላይ ይቀራል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሳልፈልግ ሰማሁ» አለች። «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የወፍጮ ቤትዎን ምህዳር እያጠበቡት ነው።»

ወንድይፍራው ክው አለ። ጆንያውን ጠበቅ አድርጎ ያዘው፤ ድመቷም ጮኸች።

«ምን አልሽ?»

«ምህዳሩን—»

«ምህዳሬን! ምህዳሬን ማን አባቱ ነው የሚያጠበው? አባትሽ ነው የላከሽ? ለማኑሄ ንገሪው፤ ሁለት መቶ አሥር ካሬ ነው፣ ካርታ አለኝ! አንዲት ስንዝር ምህዳር አልሰጥም!»

«ኧረ ጋሼ፣ ስለ መሬት አይደለም!»

«ታዲያ ስለ ሰማይ ነው? እኔ ሬዲዮ የማልሰማ መሰለሽ? ‹ምህዳሩ ጠቧል፣ ምህዳሩ ይስፋ› ሲሉ ነው የሚውሉት። ጠበበኝ ያለ ሰው የሚሰፋው ወዴት ነው? በጎረቤቱ ላይ ነዋ!»

«ልክ ናቸው፣ ፋዘር» አለ አብርሽ ከበሩ። «እኛ ሰፈር አንዱ ምህዳሩን ሲያሰፋ ሲያሰፋ ፌርማታው ላይ ደርሷል።»

ምሥራቅ ሳቋን አፍና ልታስረዳ ሞከረች። «እንደዚህ ይዩት፣ ጋሼ። ኢኮሲስተም ማለት በተፈጥሮም በቢዝነስም—»

«ሲስተም አትበዪኝ! ባንክ በሄድኩ ቁጥር ‹ሲስተም የለም› ነው የሚሉኝ። የሌለ ነገር ወፍጮ ቤቴ ምን ይሠራል?»

እኔ ይህን ጊዜ አፌን ከፍቼ የቃሉን ትርጉም ማስረዳት ነበረብኝ። ሙያዬ ነው። ግን «ወራጅ አለ!» ተባለ፣ ወረድን፤ ነገሩም እዚያው ቀረ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ወዲያው መጣ። ወንድይፍራው ክንዴን ይዞ፣ «መምህር፣ አንተ መቼም ጽሕፈትህ የተመሰከረ ነው፤ ለሴቶቹ ማስታወቂያ ጻፍልኝ» አለኝ። ሲያመሰግኑኝ እምቢ ማለት አይሆንልኝም፤ እሺ አልኩት።

ድመቷን የለቀቃት አንድ ሥጋ ቤት ፊት ለፊት ነው። ከጆንያው ወጥታ አንዴ ተንጠራራች፣ አየሩን አሸተተች፣ ከዚያ ጅራቷን አቁማ ወደ ሥጋ ቤቱ ገባች። ዘወር ብላም አላየችንም።

«አየህ?» አለኝ ወንድይፍራው። «ውለታ የማታውቅ!»

ማስታወቂያውን በማግስቱ በቆርቆሮ ላይ በቀይ ቀለም ጻፍኩለት፦ «እዚህ መቀመጥ፣ ማበጠር፣ መነገድና መሳቅ በጥብቅ የተከለከለ ነው።» «በጥብቅ» የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። አምሮብኝ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቆርቆሮው ዋንዛው ላይ ተቸነከረ። ብርሃኔ መጥታ ፊደል በፊደል አነበበችው፤ ሰፌዷን ብብቷ ሥር አደረገች፤ ሄደች። ዓለምና ዮርዲ ተከተሏት።

በመጀመሪያው ሳምንት ወንድይፍራው እንደ ንጉሥ ሆነ። «ሰማህ ጸጥታውን?» ይለኛል። በሁለተኛው ሳምንት ጸጥታው ከደጁ አልፎ ወደ ውስጥ ገባ። በቀን ሃያ ሠላሳ ሰው የሚያስተናግደው ወፍጮ አምስት ሰው እንኳ አጣ። የመጣው አይጥ ብቻ ነው። እትዬ አስካለማርያም፣ የዕድራችን ገንዘብ ያዥ፣ የሽሮ እህላቸውን አሳድረው በበነጋው ጆንያውን ሲፈቱ ከውስጥ አይጥ ዘሎ ወጣ። ጩኸታቸው ማዞሪያው ድረስ ተሰማ ይባላል። እኔ ቤቴ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ዕለት አሥራ አምስት ኪሎ ጤፌን ይዤ ስሄድ ወንድይፍራው በሩ ላይ ቆሟል። ከአጠገቡ መጥረቢያ የያዘ መገርሳ አለ። መገርሳ የወፍጮ ድንጋይ ሲደነዝዝ በመሮ እየመታ ጥርስ የሚያወጣለት ወቃሪ ነው፤ መጥረቢያ ይዞ ሳየው ደነገጥኩ።

«ወንድይፍራው፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ልዘጋው ነው» አለኝ። ድምፁ ሌላ ሆነብኝ። «የመኪና ማቆሚያ የሚያደርገው ሰው አግኝቻለሁ፤ ቅዳሜ እንዋዋላለን። ዛፉ ይነሳ ብሏል። መተት ነው፣ መምህር! ጦር ኃይሎች አካባቢ ያለው ባለ ወፍጮ አስደግሞብኝ ነው። አለዚያ ሰው ሁሉ ባንዴ እዚያ ምን ወሰደው?»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። ልናገር ስል ምሥራቅ ከቤቷ እየሮጠች መጣች። መጥረቢያውን በመስኮት አይታ ኖሮ ነጠላ ጫማዋን አቀያይራ አድርጋለች።

«ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ዛፉን አይንኩት!»

«ደግሞ መጣሽ? ዛፍ እህል አይፈጭም፣ ልጄ።»

«አይፈጭም፤ ይጠብቃል እንጂ። ጣሪያው ላይ የሚወርደውን የከሰዓት ፀሐይ ማን ነው የሚከለክልልዎት? ጥላው ሲነሳ እህል የሚያስቀምጡበት ክፍል ይግላል። ነቀዝ ደግሞ ሙቀት ሲያገኝ ቶሎ ነው የሚራባው። ዛፉ ላይ ያሉት ወፎችም ደጁ ላይ ከሚበተነው እህል ጋር ነቀዙን ይለቅማሉ። አይጡንም ድመቷ ነበረች የምትይዘው።»

«ድመቷ ትተኛ ነበር እንጂ አንድ አይጥ ይዛ አላየሁም!»

«እርስዎ ቀን ነው የሚያዩዋት፤ እሷ የምትሠራው ሌሊት ነው። ደግሞስ ድመት ያለችበትን ቤት አይጥ ከሽታው ነው የሚሸሸው። ተኝታም ትሠራ ነበር፣ ጋሼ።»

«ተኝቶ የሚሠራ!» አለ ወንድይፍራው ወደ እኔ ዞሮ። «የዛሬ ልጆች የሚመኙት ሥራ እኮ ነው።»

ምሥራቅ አልተበገረችም። «ሴቶቹም እንደዚያው ናቸው። እርስዎ ‹ይበሉኛል› ይላሉ፤ እነሱ ግን ሰው ያመጡልዎታል። ተፈጥሮም ንግድም አንድ ናቸው፤ ብቻውን የቆመ የለም፤ አንዱ ባንዱ ያድራል።»

እዚህ ላይ ወንድይፍራው ሞኝ አለመሆኑን አሳየ። ጣቱን አነሳና፣ «ቆይ፣ ቆይ! መዥገርም በላም ያድራል» አለ። «ታዲያ ላሟ መዥገሯን ታቅፋ ትኑር ነው የምትዪኝ?»

መገርሳም መጥረቢያውን ተደግፎ «ይሄማ ከባድ ነው» አለ። ምሥራቅ ወደ ወንድይፍራው ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ መዥገሩ ሲነቀል ላሟ ምን ትሆናለች?»

«ትወፍራለቻ።»

«እርስዎ ሦስቱን ሴቶች ከነቀሉ ሦስት ሳምንት ሆነዎት። ወፈሩ?»

ወንድይፍራው ሱሪውን ሳብ አደረገ። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ እንደበሳ አይቻለሁ። «ሚዛኑ ያውና» አለች ምሥራቅ። እልኸኛ አይደል፣ ሄዶ የእህል ሚዛኑ ላይ ወጣ። ስልሳ ሁለት ኪሎ። ፋሲካ ላይ ስልሳ ስምንት ብሎ ሲፎክርብን ነበር። ያ ሚዛን በሦስት ሳምንት ውስጥ ከመዘነው ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር።

«ጾም ነው» አለ ከሚዛኑ ሳይወርድ።

«የምን ጾም?» አልኩት። «ገና ጾም አልገባም።»

አሁን ተራው የኔ መሆኑን አወቅሁ። የወንድይፍራው የጸሎት መጽሐፍ፣ ዳዊቱ፣ ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ወንድይፍራው፣ ያ የተሰቀለው ምንድን ነው?»

«ዳዊቴ ነው።»

«ዳዊትህ ውስጡ ነው። ውጪው፣ የሚታየው ቆዳ፣ ስሙ ማን ነው?»

«ማኅደር ነዋ! ሕፃን መሰልኩህ?»

«ለምን ማኅደር ተባለ?»

«ዳዊቱ ስለሚያድርበት።»

«ተባረክ። በግዕዝ ኀደረ ማለት አደረ ነው። ማኅደርና ምህዳር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ያ በሬዲዮ የሚያስደነግጥህ ምህዳር መሬት አይደለም፤ ካሬም ካርታም የለውም። ማደሪያ ማለት ነው። ምሥራቅም በእንግሊዝኛ ባትጀምርብህ ኖሮ ይኸንኑ ነበር የምትልህ።»

«ፈተና ላይ እንደዚያ ስለምንጽፈው ነው» አለች ምሥራቅ አፍራ።

«ማደሪያ?» አለ ወንድይፍራው። «መኝታ ማለትህ ነው?»

«አንተን ሰው ‹ወንድይፍራው በምን ያድራል?› ብሎ ቢጠይቅህ ‹ባልጋ› ትለዋለህ?»

«በወፍጮ አድራለሁ እለዋለሁ እንጂ።»

«ደግ። ብርሃኔስ በምን ታድራለች?»

«በሰፌዷ።»

«ሰፌዷስ?»

«በኔ ወፍጮ!» አለ፤ ደስ አለው። «ይኸው! እኔስ ምን አልኩ?»

«ወፍጮህስ በምን ያድራል?»

ወንድይፍራው ወደ ቆጣሪው አየ። «በመብራት ኃይል!» አለ።

በዚህ መሀል እትዬ አስካለማርያም አንድ ኩንታል ጤፍ በጋሪ አስይዘው ከተፍ አሉ። ወንድይፍራው ከሚዛኑ ዘሎ ወረደ። ፊቱ በራ። እኔም ደስ አለኝ፤ መገርሳ እንኳ መጥረቢያውን ከኋላው ደበቀው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ! ይግቡ፣ ወረፋ የለም! አይጡንም አባረነዋል!» አለ ወንድይፍራው። አላባረረውም፤ አንዱ ከበስተጀርባው ሲያልፍ አይቻለሁ።

እትዬ አስካለማርያም በሩ ላይ ቆመው ከዋንዛው ሥር ወዲያ ወዲህ አዩ። «ብርሃኔስ?» አሉ።

«ብርሃኔ... የለችም። ጦር ኃይሎች ወዳለው ወፍጮ ሄዳለች።»

«እንግዲያው ደህና ዋል። አንተ ባለ ጋሪ፣ መልሰው።»

«ወዴት ነው፣ እትዬ?»

«ጦር ኃይሎች።»

«ወፍጮው እኮ እዚህ ነው!»

«ወፍጮማ የትም አለ፣ ልጄ» አሉ እትዬ አስካለማርያም። «ብርሃኔ ግን አንድ ናት። ይህን ሁሉ ጤፍ በዚህ ዓይኔ ማን ሊለቅምልኝ ነው? አንተ ነህ? ሽሮዬንም እዚያው ነው የማስፈጨው፤ ቅመሙ እዛ፣ ሻዩ እዛ። እዚህ ቆሜ ያንን ክፉ ጽሕፈት ሳነብ ልዋል?»

ጋሪው ዞረ። ጎማው እየጮኸ ራቀ። ክፉ ጽሕፈት ያሉት የኔን ነው፤ ጽሕፈቴ ክፉ ሲባል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር።

ወንድይፍራው ቀስ ብሎ ሚዛኑ ላይ ተቀመጠ።

«መምህር።»

«አቤት።»

«ያቺን ጥያቄ ድገምልኝ።»

«ወፍጮህ በምን ያድራል?»

«በብርሃኔ» አለ። «በዓለም፣ በዮርዲ። በዚያች ውለታ ቢስ ድመት። ወይኔ ወንድይፍራው!»

መገርሳ ጉሮሮውን ጠረገ። ቁጥብ ሰው ነው፤ ተናግሮ አይጨርስም የሚሉት ዓይነት አይደለም። «ጋሼ፣ እኔም አንድ ነገር ልበል» አለ። «ድንጋይ ካልፈጨ አይደነዝዝም፤ ካልደነዘዘ እኔን አይጠራኝም። ዛፉን ቁረጥ ካሉኝ እቆርጣለሁ፤ ልጆች አሉኝ። ግን ከዚህ ደጅ የምበላው የመጨረሻ እንጀራ እሱ ነው። አንድ ቀን ዛፍ ከምቆርጥ ሃያ ዓመት ድንጋይ ብወቅር ይሻለኛል።»

«አንተም አለህበት?» አለ ወንድይፍራው ተገርሞ። «ስንት ሰው ነው እዚህ ቤት ያለው?»

«ያ ነው ምህዳሩ፣ ጋሼ» አለች ምሥራቅ። አሁን አማርኛዋ ቀጥ ብሎ ነበር። «አጥሩ አይደለም። በእርስዎ የሚያድሩት፣ እርስዎም የሚያድሩባቸው ሁሉ ናቸው። ጫካ ውስጥ ንብ ባይኖር አበባው ፍሬ አይዝም፤ አበባው ባይኖር ንቡ ይራባል። ሁለቱም ስለ ራሳቸው እንጂ ስለ ሌላው አያስቡም። ግን አንዱ ሲነሳ ሌላው ይከተላል።»

መጥረቢያው ያን ቀን የሠራው ሥራ ቆርቆሮዬን ከዋንዛው ላይ መንቀል ብቻ ነው። ማንሳቱ ቀላል ነበር። ግን ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው፣ ሴቶቹን መመለሱ እንዲህ አልቀለለም።

በበነጋው ዓርብ እኔና ምሥራቅ ሽማግሌ ሆነን ጦር ኃይሎች ሄድን። ልጅ ልንጠይቅ የሄድን ይመስል ጋቢዬን አጣፍቼ ነበር። ብርሃኔ በአዲሱ ወፍጮ ቤት ደጅ፣ ባለቤቱ ባሠራላቸው መጠለያ ሥር ጤፍ ታበጥራለች። ሰፌዷን ሳታቆም ሰማችኝ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ስጨርስ። «ያንን ‹መሳቅ ክልክል ነው› ያለውን የጻፈው እጅ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አልኩ።

«‹በጥብቅ› የምትለዋስ?»

«እሷም የኔ ናት።»

«ታዲያ የከለከለኝ እጅ ነው አስታራቂ ሆኖ የሚመጣው? ያስጻፈዎት ራሱ ይምጣ።»

ወንድይፍራው መጣ። ከመንገዱ ማዶ ምሰሶ ሥር ተደብቆ ሲያየን ኖሮ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ተሻገረ። ብዙ ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ ማታ ለኔ አሰምቶኛል። እፊቷ ሲቆም ግን ሁሉም ጠፋበት።

«ብርሃኔ፣ አጥፍቻለሁ» አለ። «ቤቱ ጭር አለብኝ። ማርታ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ጭር ብሎብኝ አያውቅም። ሳቅሽን እጠላው መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሱን እየሰማሁ ነው የኖርኩት። ፈራሁ፣ እህቴ።»

ብርሃኔ ሰፌዷን አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ፣ እንደ ልማዷ፣ ሳቀች። የአዲሱ ወፍጮ ባለቤት ደንግጦ ከውስጥ ብቅ አለ። «ይኸውልህ» አለኝ ወንድይፍራው በኩራት፤ «ወፍጮው አይሰማም አላልኩም?»

ግን ብርሃኔም የዋዛ አይደለችም። እዚህ የተቀበለኝን ሰው በአንድ ቀን ትቼ አልሄድም አለች። ማክሰኞና ሐሙስ ጦር ኃይሎች፣ ሌላውን ቀን ኮልፌ ልትውል ተስማሙ፤ ዓለምና ዮርዲም እንደዚያው። ወንድይፍራው ይህን ሰምቶ ሊቆጣ ሲል ምሥራቅ አየችው፤ ተወው። የተወው ጠቀመው፤ ጦር ኃይሎች ያለው ወፍጮ የበርበሬ ድንጋይ የለውም ኖሮ፣ በርበሬ ይዞ የሚመጣውን ሰው ብርሃኔ «ኮልፌ ሂዱ» እያለች ትልክልን ጀመረች። መተተኛ ሲለው የከረመውን ሰው ወንድይፍራው ዛሬ «ባልደረባዬ» ይለዋል። የመኪና ማቆሚያው ሰውዬም ቅዳሜ ሲመጣ ደጁ በሰው ተሞልቶ መኪናውን የሚያቆምበት አጥቶ ተመለሰ።

የቀረችው ድመቷ ነበረች። ዘነበወርቅ ሄደን ብንጠይቅ ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላዋውን ይዞ ወጣ። «ይቺ ድመት ከመጣች ወዲህ አንድ አይጥ ደጄን አልረገጠም» አለን። «የጠየቃችሁኝን ሥጋ በዱቤ እሰጣችኋለሁ፤ እሷን ግን አልሰጥም።» ድመቷ ባንኮኒው ሥር ተንጋላለች፤ ወፍራ ወንድይፍራውን ታክላለች። አየችን፤ ዓይኗን ጨፈነች። ደግነቱ አርግዛ ነበርና ከልጆቿ አንዷን ጡት ስትጥል ሊሰጠን ቃል ገባ፤ እስከዚያ ድረስ የማኑሄ ድመት በውሰት ጠበቀችልን። በሦስተኛው ወር ወንድይፍራው ግልገሏን በጋቢው አቅፎ፣ ለአብርሽ የአንድ ሰው ሒሳብ ከፍሎላት አመጣት።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ምክር ሳልሰጥ ብሰናበትህ መምህርነቴ ያኮርፈኛል። ዛሬ ወፍጮ ቤቱ ድንጋዩ ቶሎ ቶሎ ይደነዝዛል፤ መገርሳ በወር ሁለቴ ይጠራል። እህሉ ሳይነቅዝ ይከርማል፤ ሰው ወረፋውን በጥላ ይጠብቃል፣ ሻይ ይጠጣል፣ የጎደለ ቅመሙን ሳይንከራተት ያሟላል። ደጅህ ላይ ሌላው ሲበላ ያየህ እንደሆነ «ከኔ ነው የበላው» ከማለትህ በፊት፣ አንተስ በማን እንደምታድር ጠይቅ። መዥገር ከሆነ ንቀለው። ግን መጀመሪያ ሚዛን ላይ ውጣ።

ያ የኔ ቆርቆሮም ተገልብጦ ሥራ አገኘ። በጀርባው በኩል፣ በአረንጓዴ ቀለም፣ «የወንድይፍራው ወፍጮ ቤትና ምህዳሩ» ብዬ ጻፍኩበት። ብርሃኔ አጠገቤ ቆማ ፊደል በፊደል አንብባ አሳለፈችኝ።

ባለፈው ሳምንት ከወረዳ አንድ ትሑት ወጣት መረጃ ሊመዘግብ መጣ። ወንድይፍራው ከብርሃኔ ጎን ዋንዛው ሥር ተቀምጧል፤ ግልገሏ ጭኑ ላይ ተኝታለች፤ ማለትም እየሠራች ነው።

«ጋሼ፣ የድርጅቱ ስፋት ስንት ነው?» አለ ወጣቱ።

«ግቢው ሁለት መቶ አሥር ካሬ ነው፤ ካርታው ያውልህ» አለ ወንድይፍራው። «ምህዳሩ ግን ከዘነበወርቅ ሥጋ ቤት እስከ ጦር ኃይሎች ነው። ጻፍ።»

ወጣቱ ቅጹን አገላብጦ አየ፤ ፈራ ተባ እያለ፣ «ጋሼ፣ ይሄን የምሞላበት ቦታ የለውም» አለ።

«እንግዲያው ቅጻችሁ ጠቧል» አለ ወንድይፍራው። «አስፉት!»